መኪናዋ የማን ናት? የኮብራ ዴይቶና ኩፕ እና የባለቤቶቿ ታሪክ

አንዲት የውድድር መኪና በ1970 አካባቢ በ1,000 ዶላር ተሸጠች ይባላል። ያቺው መኪና ከሠላሳ ዓመት በኋላ 3 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። በመሃል አሳምሮ ያደሳት ሰው የለም። ከዚያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሚሆነውን ያሳለፈችው ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የኪራይ መጋዘን ተቆልፎባት፣ አቧራ ለብሳ ነው። ታዲያ ዋጋዋን እንዲህ የሰቀለው ምንድን ነው?

መኪናዋ ሼልቢ ኮብራ ዴይቶና ኩፕ ትባላለች (ኩፕ ማለት ጣሪያዋ የተዘጋ መኪና ማለት ነው)። የሻንሲ ቁጥሯ ሲኤስኤክስ 2287 ነው። በዓለም ላይ የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። በዚህ ጽሑፍ የእሷን ታሪክ ይዤ አንድ ነገር ማስረዳት እፈልጋለሁ። ያረጁ ዝነኛ መኪናዎች ሲሸጡ ገዢው መኪናውን ብቻ አይገዛም። መኪናው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚናገረውን ታሪክም አብሮ ይገዛል። ያ ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ዋጋው ይወርዳል፤ አንዳንዴም ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የ2287 ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለይ። ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። የባለቤትነት ታሪክ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። አንደኛው «ይህቺ መኪና እውነት ያቺው መኪና ናት ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሚሸጥልኝ ሰው እውነት ባለቤቷ ነው ወይ?» የሚል ነው። መኪናዋ እውነተኛ ሆና ሻጩ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ሻጩ ሕጋዊ ባለቤት ሆኖ መኪናዋ ቅጂ ልትሆንም ትችላለች። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ አስተዋይ ሰው ገንዘቡን አያወጣም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌራሪን ለማሸነፍ የተወለደች

ካሮል ሼልቢ የቴክሳስ ሰው ነው። ዶሮ አርቢ ነበር። በኋላ የመኪና ተወዳዳሪ ሆነ። በ1959 ከእንግሊዛዊው ሮይ ሳልቫዶሪ ጋር በአስተን ማርቲን መኪና፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደውን የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ብዙ ሳይቆይ የልብ ሕመሙ ከመሪው አስነሳው። መንዳቱን ሲያቆም መሥራት ጀመረ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። እንግሊዝ አገር ኤሲ የሚባል አነስተኛ ድርጅት ቀላልና ቆንጆ ክፍት መኪና ይሠራል፤ ሞተር ግን አጥሯል። አሜሪካ ውስጥ ፎርድ አዲስና ጠንካራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አለው። ሼልቢ ሁለቱን አጋባቸው። በ1962 ኮብራ ተወለደች። ጣሪያ የላትም፣ ክብደቷ ትንሽ ነው፣ ጉልበቷ ግን አስፈሪ ነው። በአጫጭር መንገዶች ላይ የሚደርስባት ጠፋ።

ችግሩ አውሮፓ ነበር። በሌማን ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። እዚያ ላይ ጉልበት ብቻውን አያድንም፤ ነፋስ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ክፍቷ ኮብራ ነፋሱን እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ትይዘዋለች። በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ በቃኝ ትላለች። የፌራሪው 250 ጂቲኦ በዚያው መንገድ ላይ ጥሏት ይሄዳል።

መፍትሔውን ያመጣው ፒተር ብሮክ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። በሼልቢ ቤት የመጀመሪያው ተቀጣሪ እሱ ነው። የኮብራን ሻንሲ እንዳለ ይዞ፣ ላዩ ላይ ጣሪያ ያለው ቅርጽ ሣለ። አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ጣሪያዋ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ይወርዳል። ከዚያ ድንገት ጭራዋ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስል ያበቃል። ያ የተቆረጠ ጭራ ለውበት አልነበረም። ቩኒባልድ ካም የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1930ዎቹ ያጠናው ነገር ነው። ጭራን አርዝሞ ከማሾል ይልቅ በትክክለኛው ቦታ ላይ ቆርጦ መተው ነፋሱን ያታልለዋል፤ ክብደትም ይቀንሳል።

በሥራ ቦታው ብዙዎቹ ሐሳቡን አልወደዱትም። የጋራዡ ዋና መሐንዲስ ፊል ሬሚንግተን እንኳ ጥርጣሬ ነበረው። ብሮክን የደገፈው የሙከራ ነጂው ኬን ማይልስ ነው። ሼልቢም ፈቀደ። ካሊፎርኒያ፣ ቬኒስ ሰፈር ባለው ጋራዥ ውስጥ በእንጨት ልክ ተሠራላት፤ የአልሙኒየም ላሜራው በዚያ ልክ ተመትቶ ተበየደ። ዛሬ እንደምናየው ኮምፒውተር ያለው የነፋስ ሙከራ አልነበረም። ዓይን፣ እጅና እምነት ነበር።

በየካቲት 1964 ሪቨርሳይድ በሚባለው መወዳደሪያ ላይ ተሞከረች። ኬን ማይልስ ይዟት ዞረ። ከክፍቷ ኮብራ በአንድ ዙር ከሦስት ሰከንድ በላይ ፈጠነች። በውድድር ዓለም ሦስት ሰከንድ ማለት የሰማይና የምድር ልዩነት ነው። የተጠራጠሩት ሁሉ ዝም አሉ።

በዚያው ወር ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረች። ስሟንም ያገኘችው ከዚያ ነው። ቦብ ሆልበርትና ዴቭ ማክዶናልድ እየተፈራረቁ ነዷት። ትመራም ነበር። ከዚያ ነዳጅ ልትሞላ ገባች። የኋላ ዲፈረንሻሏ ከመጠን በላይ ግሏል። ቤንዚን ሲቀዳ ፈሰሰና የጋለው ብረት ላይ አረፈ። ቦግ አለ። ከስር ሆኖ ዲፈረንሻሉን ሲያይ የነበረው መካኒክ ጆን ኦልሰን ተቃጠለ። ከሞት ተረፈ፤ መኪናዋም ተረፈች። ውድድሩ ግን ለእሷ እዚያ ላይ አበቃ።

በሚቀጥለው ወር ሴብሪንግ ላይ ተመለሰች። በ12 ሰዓቱ ውድድር በጠቅላላው አራተኛ፣ በምድቧ አንደኛ ወጣች። በሰኔ ወደ ሌማን ሄደች። እዚያ ታናሽ እህቷ 2299 ዳን ገርኒንና ቦብ ቦንዱራንትን ይዛ በምድቡ አሸነፈች፤ በጠቅላላውም አራተኛ ሆነች። የእኛዋ 2287 ግን በሌሊት ባትሪዋ ሞተ። መካኒኮቹ ከውጭ ባትሪ ሰጥተው አስነሷት። ይህ በሕጉ ክልክል ነበር። ተሰረዘች።

በ1965 እህቶቿ ሥራውን ጨረሱት። ሐምሌ 4 ቀን፣ የአሜሪካ የነፃነት በዓል ዕለት፣ ፈረንሳይ ሬምስ ላይ የዓለም የጂቲ (የኩፖቹ ዓይነት የውድድር መኪናዎች ምድብ) አምራቾች ሻምፒዮና ለሼልቢ ተረጋገጠ። አንድ የአሜሪካ ድርጅት ይህን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነው። 2287 የመጨረሻ ሥራዋን የሠራችው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው። ዩታ ውስጥ ባለው የቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ ክሬግ ብሪድላቭና ባልደረባው ቦቢ ታትሮ ለሰዓታት እየተቀባበሉ ነዷት፤ ከ20 በላይ የፍጥነትና የጽናት ክብረ ወሰኖችን ሰበሩባት። ብሪድላቭ በዚያው ወር በዚያው ሜዳ ላይ በጄት መኪናው በሰዓት 600 ማይል ያለፈው ሰው ነው።

ከእጅ ወደ እጅ

ዛሬ ለማመን ይከብዳል እንጂ ያኔ ሥራዋን የጨረሰች የውድድር መኪና ማለት ችግር ነበረች። ፎርድ ፊቱን ወደ አዲሱ የውድድር መኪናው ወደ ጂቲ40 አዙሯል። ኩፖቹ አሮጌ ሆኑ። የመንገድ መኪና አይደሉም፤ ይጮኻሉ፣ ይግላሉ፣ ዕቃ አይጭኑም። ማን ይግዛቸው?

2287ን መጀመሪያ የገዛት የአሻንጉሊት ውድድር መኪና የሚያመርት ድርጅት ባለቤት ነው። ዋጋዋ 4,500 ዶላር አካባቢ እንደነበር ይነገራል። አዲስ የመንገድ ኮብራ ከሱቅ ሲወጣ 5,995 ዶላር ይሸጥ ነበር። ማለትም ሌማንን ያየችው፣ ክብረ ወሰን የሰበረችው መኪና ከአዲሲቱ አንሳ ነው የተሸጠችው። ታሪኳ ያኔ ዋጋ አልነበረውም። ትናንት የሆነ ነገር ገና ታሪክ አይባልም።

ከእሱ ታዋቂው የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር ፊል ስፔክተር ገዛት። በሎስ አንጀለስ መንገድ ላይ ይነዳት ጀመር። ውስጧ እንደ ምድጃ ይግላል። በፍጥነት ምክንያት የሚደርሰው ቅጣትም ይደራረብ ጀመር። ለመንገድ እንድትመች አሠራታለሁ ቢል የጥገናው ዋጋ የማይቀመስ ሆነ። ለቆራሌ ቢሰጣት 800 ዶላር ብቻ እንደሚያገኝ ተነገረው ይባላል። በዚህ ጊዜ ነው ቦዲጋርዱ 1,000 ዶላር ከፍሎ የወሰዳት።

ቦዲጋርዱ ለሴት ልጁ ሰጣት። ልጅቷ ለተወሰነ ጊዜ ነዳቻት። በ1970ዎቹ ውስጥ ወደ መጋዘን አስገባቻት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጠፋች።

ጠፋች ስል የት እንዳለች የሚጠረጥር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዓመታት ሲያልፉ ሌሎቹ አምስት ኩፖች አንድ በአንድ ተገኝተው፣ ዋጋቸውም እየናረ ሄደ። ሰብሳቢዎች የስድስተኛዋን ዱካ ተከትለው ልጅቷ ዘንድ ደረሱ። ደወሉ፣ በር አንኳኩ፣ ገንዘብ አቀረቡ። እሷ ግን አልሸጠችም። ብዙዎቹን ለመስማት እንኳ አልፈለገችም። ኑሮዋ የደመወዝተኛ ኑሮ ነበር። አንድ ፊርማ ሚሊየነር ያደርጋት ነበር። ለምን እንዳልሸጠች ለማንም አልነገረችም። እኔ ይህን የግል ምሥጢሯን እንደ እብደት የሚያወሩትን ሰዎች አልወድም። ንብረቷ ነው፤ አለመሸጥም የባለቤት መብት ነው።

በ2000 መገባደጃ ላይ ሕይወቷ አለፈ። የመኪናዋ ትልቁ ውዝግብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስት ሰዎች፣ አንዲት መኪና

የሟች እናት የልጇን ንብረት ስትከታተል መጋዘኑ ዘንድ ደረሰች። በሩ ሲከፈት መኪናዋ እዚያው ነበረች። እናትየዋ በካሊፎርኒያ ለሚኖር የብርቅዬ መኪናዎች ነጋዴ በ3 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችለት። ነጋዴው ወዲያው ፊላደልፊያ ለሚኖሩት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ለዶክተር ፍሬድ ሲሚዮን ሸጠላቸው። ዋጋው 4 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ እንደነበር ተዘግቧል።

ወሬው ሲሰማ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። አንደኛው የሟች ወዳጅ ነው። «ከመሞቷ በፊት መኪናዋን ለእኔ ሰጥታኛለች» አለ። ሁለተኛው ፊል ስፔክተር ራሱ ነው። «ለቦዲጋርዴ አልሸጥኩለትም፤ አስቀምጥልኝ ብዬ ነው የሰጠሁት» አለ።

ሦስቱም የሚሉት ነገር በሕግ ዓይን የተለያየ ስም አለው። እናትየዋ የቆመችው በውርስ ላይ ነው። ወዳጅየው በስጦታ ላይ። ስፔክተር ደግሞ በአደራ ላይ። ነገሩ እንዲገባን እያንዳንዱን ለየብቻ እንየው።

ውርሱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት፣ የትዳር ጓደኛና ልጅም ከሌለው፣ ንብረቱ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናዋ በሞተችበት ሰዓት የልጅቷ ከነበረች፣ የእናትየዋ መብት ቀጥ ያለ ነው። ጥያቄው «ከነበረች» የሚለው ቃል ላይ ነው።

ወዳጅየው የሚመታው ይህንኑ ቃል ነው። በቁሟ ከሰጠችኝ፣ ስትሞት የእሷ አልነበረችም፤ የእሷ ያልሆነውን ደግሞ እናቷ አትወርስም ነው ክርክሩ። ስጦታ በአሜሪካ ሕግ እንዲጸና ሦስት ነገር ይፈለጋል። ሰጪው ለመስጠት በእርግጥ ማሰብ አለበት። ዕቃውን ወይም ዕቃውን የሚወክል ነገር፣ ለምሳሌ ቁልፉን ወይም የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ማስረከብ አለበት። ተቀባዩም መቀበል አለበት። «እሰጥሃለሁ» ማለት ስጦታ አይደለም፤ ቃል መግባት ነው። ሰጪው ከሞተ በኋላ ደግሞ ማስረዳቱ በጣም ይከብዳል። ዋናው ምስክር መቃብር ውስጥ ነውና።

የስፔክተር ክርክር ከሁለቱም ይልቅ አደገኛ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ከላይ ነው። አደራ ተቀባይ ባለቤት አይደለም። ባለቤት ያልሆነ ሰው ደግሞ ባለቤትነትን ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም። ስለዚህ ቦዲጋርዱ አደራ ጠባቂ ብቻ ከነበረ ለልጁ የሰጣት የሌለውን ነው። ልጅቷም የላትም፣ እናትየዋም የላትም፣ ነጋዴውም የለውም፣ ዶክተሩም 4 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው ባዶ እጃቸውን ነው የቀሩት። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጓደለች አንዲት ወረቀት የዛሬውን ሁሉ ይዛ ትወድቃለች ማለት ነው። እኛም አገር በውክልና ብቻ የተሸጠ፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ያልዞረ መኪና ገዝቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይህ ነገር ወዲያው ይገባዋል።

ስፔክተርን የሚያዳክመው ግን አለ። ሰው ያስቀመጠውን አደራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ አይቀመጥም። ሕግም ለዘላለም አይጠብቅም፤ መብቱን በጊዜው ያልጠየቀ ሰው ጊዜ ያልፍበታል። ዋጋው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መምጣትም ለጠያቂው ጥሩ መልክ አይሰጠውም።

ክርክሩ ሲያልቅ መኪናዋ ከዶክተር ሲሚዮን እጅ አልወጣችም። ፊላደልፊያ ቀረች።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ለእኔ ይህ ነው። በሦስቱም ክርክሮች ውስጥ መኪናዋ እውነተኛ መሆኗን የካደ ማንም አልነበረም። የተጣሉት በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ለሌሎች ኮብራዎች ግን ራስ ምታቱ ያለው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው።

ቁጥር ያለ ብረት፣ ብረት ያለ ቁጥር

በ1960ዎቹ የተሠሩት ኮብራዎች በጠቅላላው አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። ዛሬ መንገድ ላይ ኮብራ የሚመስሉትን ብትቆጥሩ ግን ከዚያ እጅግ በልጠው ታገኟቸዋላችሁ። ቅርጿ ቀላል ነው፤ በፋይበርም ትሠራለች። የዴይቶና ኩፕ ቅጂም አለ፤ ፒተር ብሮክ ራሱ ተሳትፎበት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሠርቷል። ቅጂ ነኝ ብሎ የሚሸጥ ቅጂ ጥፋት የለበትም። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ሚሊዮን የሌለው ሰውም ድምፁን ይስማው። ችግሩ ቅጂው እውነተኛ ነኝ ሲል ነው።

ታዲያ እውነተኛዋ በምን ትታወቃለች? በሞተሯ አይደለም። የውድድር መኪና ሞተሩ ይቃጠላል፣ ይቀየራል። በላሜራዋም አይደለም፤ ይጋጫል፣ ይጠገናል። የማንነቷ መሠረት ሻንሲዋ ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናዋ ጋር እስከ መጨረሻው ይኖራል።

እዚህ ላይ ነው ተንኮል የሚገባው። አንድ መኪና ተጋጨ እንበል። የተጣመመው ሻንሲ ለአንዱ ሰው ተሸጠ። የቁጥሩ ሰሌዳና ወረቀቱ ለሌላው ሄደ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን መኪና ሠርተው፣ ሁለቱም አንድ ቁጥር ይዘው ብቅ ይላሉ። አንዱ ብረት አለው፣ ሌላው ወረቀት አለው። የትኛው ነው እውነተኛው? እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ በዚህ ዓለም ውስጥ ብርቅ አይደለም።

በካሮል ሼልቢ ላይ የተነሳው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከ1965 ጀምሮ ሳይገጣጠሙ የተረፉኝ ሻንሲዎች ናቸው ብሎ ኮብራዎችን ለገበያ አቀረበ። ቁጥሮቹ እውነት ያኔ የተመደቡና ያልተሠራባቸው ነበሩ። በ1993 ግን ሻንሲዎቹ አዲስ የተሠሩ መሆናቸው በጋዜጣ ወጣ። ቁጥሩ የ1960ዎቹ ነው፣ ብረቱ ግን የትናንት። ሼልቢን እወደዋለሁ፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ ታሪክ አይኖርም። ይህን ሳነብ ግን አዝኛለሁ። የፈጠረው ሰው ራሱ እንኳ በቁጥር ብቻ አሮጌ መኪና ሊፈጥር አይችልም።

ለዚህ ነው መዝገብ የሚያስፈልገው። የሼልቢ መኪናዎች አፍቃሪዎች በ1975 ክለብ መሥርተው፣ እያንዳንዱን መኪና በሻንሲ ቁጥሩ እየተከታተሉ ሲመዘግቡ ኖረዋል። መቼ ተሠራ፣ ምን ቀለም ነበር፣ ማን ገዛው፣ የት ተጋጨ፣ ዛሬ ማን ጋ ነው። አዋቂ ገዢ ሻጩ የሚለውን ከዚህ ጋር ያስተያያል። የድሮ የውድድር ፎቶግራፎችን ያያል። ብየዳውን ያያል። ከፎቶው ላይ የሚታይ አንድ ጭረት ወይም አንድ የተጠጋገነ ቀዳዳ ዛሬ መኪናው ላይ ከተገኘ፣ ከአሥር ወረቀት ይበልጣል።

በ2287 ላይ ይህ ሥራ ቀላል ነበር። ከስድስቱ ውስጥ አሜሪካ ውስጥ ቅርጿ የተሠራው የእሷ ብቻ ነው። የአምስቱ እህቶቿ ላሜራ የተሠራው ጣሊያን፣ ሞዴና ውስጥ ነው፤ የፌራሪ አገር ውስጥ ማለት ነው። እጅ የሠራው ነገር ደግሞ አንድ ዓይነት አይሆንም። ጣሪያቸው ከእሷ ትንሽ ከፍ ይላል። የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጣል አድርጎ ይለያታል። ከሃያ ዓመት በላይ ተዘግቶባት መኖሯም በጀ። ብዙ እጅ ስላልነካት የሚያጠራጥር ነገር የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ባለቤቶቿ ጥቂት ናቸው፤ በጣት ይቆጠራሉ።

አለማደስ

ብዙ ሰው መጋዘን ውስጥ የተገኘ መኪና መጀመሪያ መደረግ ያለበት ማደስ ይመስለዋል። አሮጌው ቀለም ይፋቅ፣ ላሜራው ይስተካከል፣ ወንበሩ በአዲስ ቆዳ ይሸፈን። ሲያልቅ እንደ መስታወት ያበራል። ለብዙ ዓመታት ሰብሳቢዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ዶክተር ሲሚዮን ይህን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የሚሉት ነገር አመክንዮው ግልጽ ነው። የድሮው ቀለም ማስረጃ ነው። የተፋቀ ማስረጃ አይመለስም። መካኒኮቹ በችኮላ የመቱት ላሜራ፣ በጥድፊያ የተቦረቦረ ቀዳዳ፣ በመሪው ላይ የቀረ የእጅ ወዝ፣ እነዚህ ሁሉ መኪናዋ የኖረችውን ሕይወት ይናገራሉ። አዲስ ቀለም ይህን ሁሉ ዝም ያሰኘዋል። ስለዚህ እንድትነሳና እንድትነዳ የሚያስፈልጋት ተደረገላት፤ መልኳ ግን እንዳለ ተጠበቀ። ገበያውም ቀስ በቀስ ወደ እሳቸው ሐሳብ መጥቷል። ዛሬ ያልታደሰ፣ ያልተነካ መኪና ከታደሰው በላይ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ2008 ዶክተሩ በፊላደልፊያ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ሙዚየማቸውን ከፈቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቧቸውን የውድድር መኪናዎች በፋውንዴሽን ስም አስቀመጡ። ይህ በራሱ የባለቤትነት ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። የግለሰብ ንብረት ሲሆን ሰውየው ሲሞት ወራሾች ይከፋፈሉታል፣ ጨረታ ይወጣል። በፋውንዴሽን ሥር ሲሆን ግን መኪናዋ የአንድ ሰው ዕድሜ አይወስናትም። ዶክተር ሲሚዮን በ2022 አረፉ። መኪናዋ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ዋጋዋ ዛሬ ስንት ነው? ማንም በትክክል ሊነግራችሁ አይችልም፤ ለገበያ አልቀረበችምና። ፍንጭ ግን አለ። ከእህቶቿ አንዷ፣ 2601፣ በ2009 በጨረታ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። የኮብራዎች ሁሉ እናት የሆነችው ሲኤስኤክስ 2000፣ ሼልቢ እስኪሞት ከእጁ ያላወጣት፣ በ2016 በ13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። የዚያች መኪና ባለቤት ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ነበር። ከዚህ የጠራ የባለቤትነት ታሪክ የለም፤ ዋጋው ላይም ታይቷል።

በጥር 2014 ደግሞ ለ2287 ሌላ ዓይነት መዝገብ ተከፈተላት። የአሜሪካ መንግሥት ታሪካዊ ድልድዮችን፣ ፋብሪካዎችንና መርከቦችን በሥዕልና በፎቶግራፍ መዝግቦ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚያኖርበት አሠራር አለው። መኪና ግን ገብቶበት አያውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች። በሌዘር ተለካች፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ ተነሳች፣ ታሪኳ ተጻፈ። ነገ እሳት ቢበላት እንኳ ልኳና ታሪኳ ዋሽንግተን አለ።

ሙዚየሙ በተወሰኑ ቅዳሜዎች መኪናዎቹን ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ሰፊ ግቢ አውጥቶ ይነዳቸዋል። የ2287 ተራ ሲደርስ አራቱ ካርቡሬተሮች በተራ ያስሉና ሞተሩ ይይዛል። ሕፃናት ጆሯቸውን ይይዛሉ። ያ ቆራሌ «የ800 ዶላር ብረት» ብሎ የገመታት መኪና ናት።